ግንቡን አወደሱ፣ ሒሳቡን አገዱ

ስለ ማርሻል ቮባን ልጽፍ ማሰቤን ለአንድ ወዳጄ ብነግረው የቡና ስኒውን አስቀምጦ ሳቀብኝ። «ግንብ ሠሪው ፈረንሳዊ ነዋ! በስተርጅናው ንጉሡን በግብር ነገር ነካክቶ፣ ተቀይሞበት፣ አዝኖ የሞተው። ምን ገጽ ታባክንበታለህ? የእሱ ታሪክ በአንድ ተረት ያልቃል። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አለኝ።

ወዳጄ ብዙ ያነበበ ሰው ነው። ስለዚህም ነው ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝ። በዚያች አጭር ንግግሩ ውስጥ ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ በቮባን ላይ ሲፈጸሙ የኖሩት ሁለት በደሎች አንድ ላይ ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው በደል ሰውየውን «ግንብ ሠሪ» ብሎ ከድንጋዩ ጋር መቅበር ነው። ሁለተኛው ደግሞ አሟሟቱን የፍርሃት ማስተማሪያ ማድረግ ነው። በበኩሌ ሁለቱንም አልቀበልም። ለምን እንደማልቀበል ላስረዳ። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሴባስቲያን ለ ፕሬትር ደ ቮባን በ1633 ቡርጎኝ ውስጥ፣ ሞርቫን በሚባለው ጫካማና ድኻ አገር ተወለደ። ቤተ ሰቡ መኳንንት ይባሉ እንጂ ከማዕረጉ በቀር እዚህ ግባ የሚባል ሀብት አልነበራቸውም። በጎረቤት ገበሬ ልጆች መካከል ያደገ መኮንን ነው ማለት ይቻላል። ይህን አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በ1651፣ ገና አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነው፣ ጦር ሜዳ ገባ። የገባው ግን ከንጉሡ ወገን አይደለም። ልዑል ኮንዴ በሕፃኑ ንጉሥ በሉዊ አሥራ አራተኛ መንግሥት ላይ አምፆ ነበርና፣ ቮባን ከዐመፀኛው ልዑል ሠራዊት ተቀላቀለ። በ1653 ተማረከ። አገሪቱን የሚመሩት ካርዲናል ማዛረን ይህን ብልህ ወጣት ከመቅጣት ማሳመን ይሻላል ብለው ወደ ንጉሡ ወገን አዞሩት። በ1655 የንጉሡ መሐንዲስ ተባለ። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ ከአገልግሎቱ ፈቀቅ አላለም። በ1678 የምሽጎች ሁሉ የበላይ ኃላፊ፣ በ1703 የፈረንሳይ ማርሻል ሆነ። ከአርባ በላይ ከበባዎችን መርቷል። የሠራቸውና ያደሳቸው ምሽጎች ከ150 አያንሱም። ከእነዚህም አሥራ ሁለቱን ዩኔስኮ በ2008 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

እንግዲህ የቮባን አድናቂዎች መጽሐፋቸውን የሚዘጉት እዚህ ላይ ነው። እኔ ግን ገና መጀመሬ ነው። ምክንያቱም ግንቡ ራሱ በምን ዓይነት አእምሮ እንደ ተሠራና እንደ ፈረሰ ካልተረዳን የኋለኛውን መጽሐፍ መረዳት አይቻልም።

በዚያ ዘመን ከተማ መክበብ ማለት የወታደር ሬሳ መከመር ማለት ነበር። ስመ ጥሩ መኳንንት ለክብራቸው ሲጣደፉ ጭፍራውን ገላጣ ሜዳ ላይ ነድተው ከግንቡ ያላትሙታል። ቮባን ይህን ልማድ በሒሳብ ሻረው። በ1673 ማስትሪክት ሲከበብ ከግንቡ ትይዩ የሆኑ ሰፋፊ ቦዮችን ደረጃ በደረጃ አስቆፈረ። አንዱ ቦይ ከሌላው የሚገናኘው ጠመዝማዛ በሆነ ጉድጓድ ነው፤ ከግንቡ ላይ የሚተኮሰው ጥይት ቀጥ ብሎ አይገባበትም። ወታደሩ ተጠልሎ ይጠጋል፣ ተጠልሎ ይሰበሰባል። ቦዩ ከተከፈተ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከተማው እጁን ሰጠ። በዱማ ልብ ወለድ የምናውቀው ዳርታኛን የወደቀው በዚሁ ከበባ ላይ፣ በአንድ የጨበጣ ውጊያ መሐል ነው። ዳርታኛን ልብ ወለድ ወጣለት። ቮባን ያዳናቸው ግን ስም የለሽ ቆፋሪዎች ናቸውና ማንም ልብ ወለድ አልጻፈላቸውም።

የእምነቱ ጭብጥ ባሩድ ይብዛ፣ ደም ይነስ የሚል ነው። አካፋ፣ ጊዜና ባሩድ በገንዘብ ይገኛሉ። የሰው ሕይወት አይገኝም። ስለዚህ ቆጥረህ አውጣ። ይህ ርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ ቁጠባም ነው። ሁለቱ በአንድ ራስ ውስጥ ተስማምተው መኖራቸው ነው ሰውየውን ከሌሎቹ ጄኔራሎች የሚለየው።

ሚዛን እንዳላጎድል የሚከበደውንም ልናገር። ቮባን መልአክ አልነበረም። በ1688 ፊሊፕስቡርግን ሲከብብ መድፉ እየነጠረ ተከላካዮችን ከጎን እንዲመታ የሚያደርገውን አተኳኮስ ሞከረ፤ ምሽጉም ወደቀ። በዚያ በተከፈተው በር የገባው የፈረንሳይ ሠራዊት በ1689 ማንሃይምን፣ ሃይደልበርግን፣ ሽፓየርንና ቮርምስን አቃጠለ። ትእዛዙ የንጉሡና የጦር ሚኒስትሩ የሉቯ ነው። ቁልፉን ያቀረበው ግን ቮባን ነበር። ስለዚህ ሰማዕት አድርጎ ሊያቀርበው ለሚፈልግ ይህን ሳይዘል ያንብበው እላለሁ። እኔ የምከራከረው ለንጹሕ ሰው አይደለም። እጁ በሥራው ለቆሸሸና ከዚያ ሥራ ውስጥ ሆኖ እውነቱን ለመናገር ለደፈረ ሰው ነው። ይህ ደግሞ ከንጹሕ ሰው ንግግር ይልቅ ይከብዳል።

ቮባን ሕይወቱን ያሳለፈው በመንገድ ላይ ነው። ሌሎቹ መኳንንት ቬርሳይ ተቀምጠው ንጉሡ ሲነሣ ሸሚዝ ለማቀበል ሲሻሙ እሱ ከአንዱ ጠረፍ ወደ ሌላው ጠረፍ ሲመላለስ አረጀ። አርባ ዓመት ሙሉ የገበሬ መንደር አቋርጦ ወደ ምሽግ የሚሄድ ሰው፣ ዓይን ካለው ያያል። ቮባን ዓይን ነበረው። ከዓይኑም በላይ የመቁጠር አመል ነበረው። ያየውን ሁሉ ይቆጥራል። አንዲት እሪያ በአሥር ዓመት ውስጥ ከነልጅ ልጆቿ ስንት ትሆናለች ብሎ አስልቶ ከስድስት ሚሊዮን በላይ መድረሷን የጻፈ ሰው ነው። የፈረንሳይ ድኻ ሥጋ እንዲበላ ከልቡ ያስብ ነበርና አንሳቅበት።

በ1685 ሉዊ አሥራ አራተኛ የፕሮቴስታንቶችን የእምነት ነፃነት ሰረዘ። ቤተ መንግሥቱ በሙሉ አጨበጨበ። ቮባን ካቶሊክ ነው፤ ዝም ማለት ይችል ነበር። በ1689 ግን ለሉቯ ማስታወሻ ጽፎ ከሰማንያ እስከ መቶ ሺህ ሰው እንደ ተሰደደ፣ ከእነሱ ጋር ገንዘቡ፣ የእጅ ሙያው፣ መርከበኛውና ወታደሩ ለጠላት እንደ ተላለፈ ቆጥሮ አሳየ። ስደተኞቹ ይመለሱ፣ አዋጁ ይሻር አለ። አልሰሙትም።

ከዚያ የ1693 እና የ1694 ረሃብ መጣ። ፈረንሳይ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለቀ። ንጉሡ ግን ጦርነት ላይ ነው፤ ግብሩ አይቀርም። በ1696 ቮባን የትውልድ አካባቢውን የቬዝሌን ወረዳ ቆጥሮ ጻፈ። መሬቱን፣ ከብቱን፣ ሰዉን፣ ደብሩን ሁሉ። የዚያ አገር ተራ ሕዝብ እንጀራው የገብስና የአጃ ድብልቅ ነው፤ ገለባው እንኳ አይወጣለትም። ሥጋ በዓመት ሦስት ጊዜ አይቀምስም። ጨው ከዋጋው የተነሣ ብርቅ ነው። ከአራቱ ሦስቱ ክረምት ከበጋ የሚለብሱት የተቦጫጨቀ ጨርቅ ነው፤ እግራቸው ባዶውን በእንጨት ጫማ ውስጥ ይገባል። እንዲህ የሚበላ ሰው ጉልበት ቢያጣ ምን ያስገርማል ይላል ማርሻሉ። ልብ በሉ፤ ይህን የጻፈው ከአብዮት መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ የንጉሡን ደሞዝ የሚበላ መኮንን ነው። ከገበሬ ልጆች መካከል አድጓል ያልኩትም ለዚህ ነበር።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንምጣ። ስሙ «የንጉሥ አስራት» ሊባል ይችላል። አስራት የሚለው ቃል ለእኛ ማብራሪያ አያሻውም። የቮባን አስራት ግን አዲስ ነገር ነበረው፤ ማንንም አይምርም። በዚያን ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ ዋናውን የመሬትና የነፍስ ግብር መኳንንቱ አይከፍሉም፤ ካህናቱ አይከፍሉም፤ ሹመት የገዛ ባለ ጠጋም ያመልጣል። ሸክሙ የሚያርፈው በገበሬው ጫንቃ ላይ ነው። የተዘዋዋሪውን ግብር ደግሞ ኮንትራት የያዙ ባለ ሀብቶች ለንጉሡ ቀድመው ከፍለው ከሕዝቡ እጥፍ አድርገው ይለቅማሉ። ቮባን እነዚህን ግብሮች አብዛኞቹን አንሥቶ በአንድ ሊተካቸው ፈለገ። ምርትና ገቢ ያለው ሁሉ፣ መስፍንም ይሁን ጳጳስ፣ ነጋዴም ይሁን ሸማኔ፣ በደኅናው ጊዜ ከሃያ አንድ፣ በችግር ጊዜ ቢበዛ ከአሥር አንድ ይክፈል።

ለዚህ ያቀረበው ማስረጃ ነው መጽሐፉን አደገኛ ያደረገው። ሕዝቡን በአሥር ከፈለው። አንዱ እጅ ለማኝ ነው። ከቀሩት ዘጠኝ አምስቱ ለለማኙ የሚመጸውቱት የላቸውም፤ እነሱም ከልመና ጥቂት ቢርቁ ነው። ከተረፉት አራት ሦስቱ በዕዳና በክስ ተተብትበዋል። በመጨረሻዋ አንድ እጅ ውስጥ መኳንንቱ፣ ካህናቱ፣ ሹማምንቱና ባለ ጠጋ ነጋዴው ሁሉ ይገባሉ፤ እነሱም ከመቶ ሺህ ቤተ ሰብ አይበልጡም። ከእነዚህስ በእውነት የደላቸው ስንት ናቸው? አሥር ሺህ ቤተ ሰብ ቢሞሉ ነው ይላል። በወቅቱ የፈረንሳይን ሕዝብ ወደ 19 ሚሊዮን ገምቶ ነበር።

ይህን ያህል ሰው በአንድ ገጽ ላይ ራቁቱን አቁሞ ያሳየ ጽሑፍ በዚያ ዘመን ነበር? ቀኖናዊ ስብከት ነበር። ምጽዋት ስጡ የሚል ነበር። ድኻ ክቡር ነው የሚልም ነበር። ድኻው ስንት ነው ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ስብከት ማንንም አያስቆጣም፤ ቁጥር ግን ያስቆጣል። ባለ ጠጋው ስብከቱን ሰምቶ ሳንቲም ወርውሮ ይወጣል። ከቁጥሩ ግን መውጫ የለውም፤ ራሱን ከአሥር ሺዎቹ መካከል ያገኘዋልና።

ቮባን መጽሐፉን ያለ መንግሥት ፈቃድ፣ ስሙን ሳያኖርበት፣ በጥቂት መቶ ቅጂ አሳተመ። ወደ ፓሪስ መግቢያ ኬላ ነበረ። የማርሻል ሠረገላ ግን አይፈተሽም። የንጉሡን ግንቦች ሁሉ የሠራው ሽማግሌ የራሱን መጽሐፍ በራሱ ሠረገላ ኬላ አሳልፎ አስገባ። አንዲት የጠራዥ መበለት ጠረዘችለት። እሱም ለሚያምናቸው ሰዎች አደለ። በየካቲት 1707 የንጉሡ ምክር ቤት መጽሐፉ እንዲሰበሰብ ወሰነ፤ በመጋቢትም እገዳው ተጠናከረ። መጋቢት 30 ቀን 1707 ቮባን በሰባ ሦስት ዓመቱ ሞተ። በዚያው ወር ቧጊልቤር የሚባል ሌላ የግብር ተቆርቋሪ መጽሐፉ ታግዶበት ወደ ሩቅ አገር ተጋዘ።

ወዳጄ የነገረኝ «አዝኖ ሞተ» የሚለው ተረት የመጣው ከመስፍን ሳን ሲሞን ማስታወሻ ነው። በእሱ አባባል ንጉሡ ፊቱን አጠቆረበት፤ ሽማግሌውም ልቡ ተሰብሮ ሞተ። ታሪኩ ያምራል። እኔ ግን አላምነውም። ቮባን ደረቱን ሲያመው የኖረ ሽማግሌ ነበር፤ ሲሞትም የሳንባ ሕመም ይዞት ነበር። ማዕረጉንም ሹመቱንም አልተነጠቀም። ዕገዳውም ደራሲውን በስም አልጠራም።

የማላምነው ግን በቀኑና በበሽታው ምክንያት ብቻ አይደለም። ተረቱ የሚያደርገው ሥራ አለና ነው። የአንድ ሽማግሌ ልብ መሰበር ወሬው ሲጣፍጥ የሚሊዮኖች ሆድ ይረሳል። ነገሩ በንጉሥና በሎሌ መካከል የተፈጠረ ቅያሜ ይሆናል። ንጉሡ ትንሽ ደግ ቢሆን ኖሮ ሁሉም መልካም ነበር ማለት ነው። ቮባን የጻፈው ግን ስለ ንጉሡ ጠባይ አልነበረም። ስለ ገብስ እንጀራ ነበር። በዚህ ላይ ተረቱ ለፈሪ ሁሉ መጠጊያ ይሆናል፤ «አየህ፣ ያን የሚያህል ማርሻል እንኳ ተናግሮ ምን ሆነ?» ይባላል።

ምን ሆነ? እኔም ልጠይቅ። እሱ ሳይሆን፣ ያልሰሙት ምን ሆኑ?

ገና በሕይወት ሳለ በ1706 ቱሪን ስትከበብ ምክሩን ለገሰ። ልሂድና ላገልግል እስከ ማለት ደረሰ። የጦሩ አዛዥ ናቀው፤ በመስከረም የፈረንሳይ ሠራዊት ቱሪን ሥር ድል ሆኖ ተበተነ። ከሞተ በኋላ ባለው ዓመት፣ በ1708፣ የሚወደውን የሊልን ግንብ ጠላት ያዘው። በ1709 ክረምቱ በረዶ ሆኖ ሰብሉን ፈጀው፤ ረሃብ ዳግመኛ ገባ። በመጨረሻም በጥቅምት 1710 ካዝናው ባዶ የሆነበት ንጉሥ ከገቢ ሁሉ አንድ አሥረኛ ይከፈል ብሎ ዐወጀ!

አዎን፤ ከሦስት ዓመት በፊት ያገዱትን አሥረኛ ነው። ነገር ግን ቮባን አሥረኛውን ያሰበው በሌሎቹ ግብሮች ምትክ ነበር። እነሱ የሌሎቹን ግብሮች ሸክም እንዳለ ትተው አሥረኛውን በላዩ ጫኑበት። ቮባን ማንም አይቀር ብሎ ነበር። ካህናቱ ገንዘብ ቆጥረው ሰጥተው ነፃ ወጡ፤ ብዙ መኳንንትም አስቀነሱ። ከመጽሐፉ ውስጥ ግብሩን አወጡና ፍትሑን ጣሉት። እኔ የሚያንገበግበኝ ከእገዳው ይልቅ ይህ ነው። መጽሐፍ ማገድ ፍርሃት ነው፤ የታገደን መጽሐፍ ሰርቆ አጣሞ መሥራት ግን ክፋት ነው።

ባለ መብቶቹ እንዲከፍሉ የማድረጉ ሙከራ ከዚያ በኋላም ደጋግሞ መጥቶ ደጋግሞ ከሽፏል። በ1787 የገንዘብ ሚኒስትሩ ካሎን መሬት ያለው ሁሉ ይክፈል ሲል የተሰበሰቡት ታላላቆች እምቢ አሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 4 ቀን 1789 ሌሊት፣ መብታቸው ሁሉ በአንድ አዳር ተሻረ። ቮባን ይህን ተነበየ አልልም። እሱ አብዮት የሚፈልግ ሰው አልነበረም፤ ዙፋኑን ሊያጸና ነበር የሚደክመው። ዙፋኑ ግን መድኃኒቱን እንደ መርዝ ቆጥሮ መለሰበት።

የሚቃወሙኝ ሰዎች አንድ ቁም ነገር አላቸው። የቮባን ሒሳብ ግምት የበዛበት ነው ይላሉ። እውነት ነው። ከኖርማንዲ ጥቂት ቦታዎች ተነሥቶ ለመንግሥቱ ሁሉ አባዝቷል። ከእህሉ ላይ በዓይነት የሚሰበሰበው አስራት ጎተራና ጋሪ ስለሚፈልግ ወጪው ቀላል አይሆንም ነበር። ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን የተሳሳተ ቁጥር በሌላ ቁጥር ይታረማል። ምክር ቤቱ ሌላ ሰው ልኮ ማስቆጠር፣ ማርሻሉንም ተሳስተሃል ማለት ይችል ነበር። እነሱ ያደረጉት ግን ቆጠራውን መከልከል ነው። በእገዳ የሚታረም ሒሳብ የለም።

በ1808 ናፖሊዮን የቮባንን ልብ ወደ ፓሪስ አስመጥቶ በኢንቫሊድ ጉልላት ሥር በታላቅ ክብር አሳረፈው። ወታደሩን ማክበሩ ነው። በ1867 ደግሞ የተወለደበት መንደር በስሙ ተጠራ። ግንቦቹ ይጎበኛሉ፤ ፎቶግራፍ ይነሣሉ። በዚህ ሁሉ አልቃወምም። የምቃወመው ድንጋዩን ከሒሳቡ ለይቶ ማድነቅን ነው። ስለ ግንቡ ብቻ የሚያወራ አድናቂ ሳያውቀው የ1707ቱን ምክር ቤት ውሳኔ እያስፈጸመ ነው። ያ ምክር ቤትም ቢሆን የቮባንን ግንብ አልጠላም፤ ቁጥሩን ነው የጠላው።

ስለዚህ ለወዳጄ መልሴ ይህ ነው። ሰማይ አይታረስም፤ እስማማለሁ። ቮባን ግን ሰማይ ሊያርስ አልወጣም። ንጉሡንም አልከሰሰም። የሚታረሰውን መሬትና የሚያርሰውን ሰው ቆጥሮ ለንጉሡ አቀረበ። ይህን ማድረግ ክስ መስሎ ከታየ፣ ጥፋቱ የቆጣሪው አይደለም።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ቮባን የአንድን የገጠር ሸማኔ ዓመት ቆጥሯል። ከ365 ቀን ላይ 52 እሑዶችን፣ 38 በዓላትን፣ ብርዱ ሥራ የሚያስፈታበትን 50 ቀን፣ ለገበያ የሚሄድበትን 20 ቀን፣ የሚታመምበትን 25 ቀን ቀነሰ። የሸማኔ ሕመም እንኳ በማርሻል መዝገብ ገባ። ከእንግዲህ የሊልን ወይም የኑፍ ብሪዛክን ግንብ በፎቶግራፍም ሆነ በዓይኑ አይቶ የሚደነቅ ሰው፣ ካደነቀ በኋላ ይህን ድንጋይ ማን ከፈለበት፣ ስንት ቀንስ ሠርቶ ከፈለ ብሎ ይጠይቅ። መልሱን ግንብ ሠሪው ራሱ ጽፎታል። 180 ቀን።